ሙሳ አሊ፣ ሐሙስ፣ ወደ ጎንደር

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 12። ጠዋት 3፡00

ሶላሩ እስኪሞቅ ጠበቅሁ። ላፕቶፕ 40 በመቶ፣ ስልክ 11።

ትናንት ዘለልሁህ፣ ደብተሬ፤ አትቀየመኝ። ከቀኝ የምትከፈት የዐረብ ደብተር ሆነህ እኔ ከኋላህ ስጽፍብህ መቻልህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ የሙንተሲር ባሪያ ነበርሁ። ሙንተሲር ፖርት ሱዳን ያለው ደንበኛዬ ነው፤ የአንድ የግል ክሊኒክ ሥራ አስኪያጅ። ሕመምተኞች ቀጠሮ የሚይዙበት ድረ ገጽ እየሠራሁለት ነው። ሰውዬው መጻፍ አይወድም። ድምፅ ይልካል፤ አንዱ አራት ደቂቃ፣ ግማሹ ሰላምታ። እናቴን፣ አባቴን፣ የገዳሪፍን አየር ሁሉ ይጠይቅልኛል። የትናንቱ ፍሬ ነገር ይኸ ነው፦ ቅጹ ላይ የሕመምተኛው ስም እስከ አራት ይሁን። ራሱ፣ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት። አንዱ ባዶ ከቀረ ቅጹ አይለፍ።

እኔ በሁለት ነው የሠራሁት። ለእኛ ሰው ስም ከነአባት ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ለቀብር ነው የሚጠራው። አሁን ዳታቤዙን ከሥሩ መንካት ነው። ተነጫነጭሁ፤ ለብቻዬ። ለእሱ «ሐዲር» ብዬ ላክሁ፤ እሺ ጌታዬ እንደማለት።

በሚመጣው ሳምንት ረቡዕ ለሐኪሞቹ በስክሪን አሳያለሁ። ከወደዱት ለአንድ ዓመት በቋሚነት ይይዙኛል። ለዓመት! ከኻርቱም ጦርነት ሸሽቼ እዚህ ገዳሪፍ ከገባሁ ወዲህ ከሚመጣው ሳምንት ያለፈ ነገር አስቤ አላውቅም። ደስ ይላል። ደስ ስለሚልም ያስፈራል።

ከሰዓት 9፡00

አንድ ሰዓት ለ«መንገደኛ» ሰረቅሁ።

«መንገደኛ» የራሴ ገጽ ነው፤ ማንም አላዘዘኝም። ከገዳሪፍ ወደ መተማና ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ስሙንና ቀኑን ይጽፍበታል። ዕቃ የሚልክ አይቶ ይደውላል፣ መውቀፉ ድረስ፣ መኪናው መቆሚያ ድረስ ማለቴ ነው፣ ይዞለት ይሄዳል፤ መንገደኛው ያደርስለታል። በቃ። ፖስታ ቤታችን አደራ ነው። ድሮ ግን ተጓዥ ለማግኘት ሦስት ቀን ሱቅ ለሱቅ መጠየቅ ነበር። ሦስቱን ቀን በአንድ ቁልፍ ተካሁት። እኮራበታለሁ፤ ላንተ ብቻ ነው የምናገረው።

ችግሩ ይኸ ነው፦ ለእሱ ስቀመጥ ሙንተሲርን የሰረቅሁ ይመስለኛል። ለሙንተሲር ስቀመጥ የራሴን ልጅ ሰው ቤት ጥዬ የሄድሁ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይላል ተረቱ። ተንጠልጥሎ መዋል ክንድ እንደሚያዝል ግን አልተናገረም።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 13። ከሰዓት 11፡00

ትልቅ ቀን። የኔ አይደለም፤ የእትዬ ዘሐራ።

እትዬ ዘሐራ አከራዬ ናት፤ የመተማ ሰው፣ ሱቅ ውስጥ ቅመም ትሸጣለች። ግቢው አንድ ነው፤ እሷ ፊቱ ጥላ በተሠራለት ቤት፣ እኔ ጥግ ያለችው ክፍል። ልጇ ሰሚራ እዚሁ አድጋ፣ እዚሁ በዐረብኛ ተምራ ሁለተኛ ደረጃ ጨረሰች። አሁን ጎንደር አክስቷ ጋ ናት፤ ኮሌጅ ልትገባ። ኮሌጁ ዋናውን የምስክር ወረቀት አምጪ ብሏታል። ቅጂ አይሆንም። ምዝገባው የሚዘጋው ዓርብ፣ ጥቅ. 22።

ወረቀቱ ዛሬ መጣ። ቢሮዎቹ ከጦርነቱ ወዲህ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ነው፤ እትዬም ከኋላቸው ስትዞር ወራት አለፉ። አራት ማኅተም አለው። ማንም እንዳይነካባት እጇን ታጥባ ነው የያዘችው። በላስቲክ ጠቀለለችው፣ ላዩን በአሮጌ ቶብ፣ በሱዳን ሴቶች ኩታ፣ ቁራጭ ሰፋችው። ከዚያ ወደኔ መጣች። እስከ ዛሬ ገጼን ስትቀልድበት የነበረች ሴት፣ ያ ነገርህ ሰው አለው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ከፈትሁ። አለ! «ሙሳ አሊ፣ ሐሙስ፣ ወደ ጎንደር።» ስልኩም አለ።

«የማን ልጅ ነው?» አለችኝ።

ገጹ ይህን አይልም አልኋት።

«የየት አገር ሰው ነውስ?»

ይህንንም አይልም። ስሙ አለ፣ ቀኑ አለ፣ ስልኩ አለ፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

«እንግዲህ አንተ ካልህ፣ ልጄ» አለች። በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ሰጠኋት፤ ለሱም ነገ ዕቃ ያላት ሴትዮ ትመጣለች፣ ጠዋት ትደውልልሃለች ብዬ መልእክት ላክሁ። ደብተሬ፣ ኩራቴን ብታየው ትስቅብኝ ነበር። የጻፍሁት ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ለማውቀው ሰው ሊጠቅም ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 14። ረፋድ 4፡30

ኔት የለም። ስልክም። ከንጋት ጀምሮ ከተማው ድዳ ሆኗል።

እትዬ መደወል ስላልቻለች ወረቀቷን ይዛ በጧት መውቀፍ ሄደች። ተጨንቄ ነበር። አሁን ተመልሳለች፤ ፊቷ በርቷል። ሙሳ አሊ ማነው እያለች መኪና ለመኪና ጠርታ፣ አንድ ረጅም ልጅ እኔ ነኝ ብሎ መጣላት። ለጎንደር ነው ስትለው በሁለት እጁ ተቀበላት። ወላሂ አደርሳለሁ፣ በነፍሴ አለ። የሰሚራን ስልክ ከላዩ ለጥፋበታለች። ትሕትናው ደስ ብሏታል፤ እናቱ የባረከችው ልጅ ነው አለች።

ይኸው። ይሠራል ማለት ነው።

አሁን ወደ አራቱ ስም።

ቅዳሜ፣ ጥቅ. 16። ቀን 6፡00

ኔት መጣ። ባልመጣ።

ሙሳ አሊ ከጎንደር ጽፏል። በሰላም ገብቻለሁ ይላል። ዕቃ አለኝ ያሉት ሴትዮ አልመጡም፣ መኪናው እስኪወጣ ጠበቅኋቸው፣ መዓሌሽ፣ ይቅርታ፣ ይላል።

ሦስት ጊዜ አነበብሁት።

ሁለት ናቸው። ሁለት ሙሳ አሊ። የሰሊጥ አጨዳ ወቅት ነው፤ መውቀፉ ከአገር በወጣ ሰው ሞልቷል። ሙሳ ብለህ ብትጣራ አሥሩ ይዞርልሃል፤ ከአሥሩ አንዱ የአሊ ልጅ መሆኑ ምን ይገርማል?

8፡30

ሮጬ መውቀፍ ሄድሁ። ሰው ስጠይቅ ስጠይቅ ወደ ባሱንዳ የሚጭነው የቦክስ፣ የፒክአፕ መኪናው፣ ሹፌር አስታወሰ። አዎ፣ ሐሙስ ረጅም ሙሳ ጭኗል፤ ከባሱንዳ ወዲያ አንድ ካምቦ፣ የአጫጆች ሰፈር፣ አውርዶታል። በጨርቅ የተሰፋ ነገር በደረቱ ይዞ ነበር። ለጎንደር አደራ አለብኝ፣ አጨዳው ሲያልቅ አገሬ ስገባ አደርሳለሁ ብሎታል።

አጨዳው ሲያልቅ! ገና ወር አለው!

ሰውዬው አልዋሸም። ስሙ ሙሳ አሊ ነው። አገሩም ወደ ጎንደር ነው። መቼ እንደሚሄድ አልተናገረም፣ ስላልተጠየቀ። እትዬ አልጠየቀችም፣ ወረቀቱ ሐሙስ ብሏላ። ወረቀቱን የጻፍሁት እኔ። ድሮ ቢሆን የማን ልጅ ነህ ብላ ጀምራ፣ አገሩን፣ ዘመዱን፣ የሚሄድበትን ቀን ሁሉ አስለፍልፋ ነበር የምትሰጠው። ያ ሁሉ ጥያቄ ለካ ወሬ አልነበረም። እኔ ጊዜ ይፈጃል ብዬ ያስቀረሁት እሱን ነው።

11፡00

ስገባ እትዬ ከጥላው ሥር ጮኸች፦ «ደረሰ ወይ፣ ልጄ?»

መንገድ ላይ ነው አልኋት።

እንዴት ወጣኝ? አላውቅም። ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ካምቦም መንገድ ላይ ነው። ደብተሬ፣ እባክህ ዝም በል።

እሑድ፣ ጥቅ. 17። ጠዋት 4፡00

ልሂድ? ስል አደርሁ። ቦክሱ በቀን አንዴ ነው፣ በንጋት። ሄዶ ማደር አለ። ካምቦው ኔት የለውም። ሁለት ቀን ከሙንተሲር ላይ ሲቀነስ አራቱ ስም አያልቅም። ካላለቀ ረቡዕ ሐኪሞቹ ፊት ቅጹ ይወድቃል። ከወደቀ ዓመቱ ሄደ።

እትዬ ራሷ እንዳትሄድ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ለእድሳት ቢሮ ገብቷል። ያለሱ ኬላ አታልፍም። ለመሄድ ደግሞ ማወቅ አለባት፤ እንድታውቅ መናገር አለብኝ።

መላ መታሁ። ዛሬ በንጋት፣ ቦክሱ ሳይነሣ፣ ሹፌሩን ለመንሁት፦ ሙሳን አግኘው፣ ያንን ዕቃ መልስ በለው፣ ይዘህልኝ ና። እሺ አለ። ተመስገን። ዛሬ ሄዶ ነገ ይመለሳል። ማክሰኞ በሌላ ሰው ብልከው ሐሙስ ጎንደር ነው። ይደርሳል። ይደርሳል፣ ይደርሳል።

እዚያው ላይ ላፕቶፑ ባትሪ ጨርሶ ጠፋብኝ። ደመና ነው። በጥቅምት ደመና! ለኔ ሲሆን።

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 19። ቀን 7፡00

ሹፌሩ ባዶ እጁን መጣ። ትናንት ማታ የገባው መኪናው ተሰብሮበት ነው፤ ዛሬ ጠዋት ነው ያገኘሁት። ሙሳ እምቢ አለ አለኝ። የሰጠችኝ ሴት ትምጣ፣ ሌላ ለሚጠይቅ አልሰጥም ብሏል። ሹፌሩ፣ እኔም ብሆን አልሰጥም፤ ሌባ ነው ብሎኝ ይሆናል አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ዓርብ ሊሆን ሦስት ቀን ቀረ።

ነገ ረቡዕ። ሐኪሞቹ።

9፡00

አራተኛውን ስም እያስገባሁ ነበር። ኮዱን ስጽፍ፣ ባዶ ከሆነ አታሳልፍ፣ ባዶ ከሆነ አታሳልፍ። ለሙንተሲር ሕመምተኛ እስከ ቅድመ አያቱ የምጠብቅ ሰው ነኝ! የራሴን ገጽ ከፈትሁት። አንዲት ሣጥን፦ «ስም ከነአባት»። ዘጋሁት።

ውጭ እትዬ የሰሚራን ድምፅ ከፍ አድርጋ እያሰማች ነው። ሰሚራ እንደ ልማዷ ግማሹን በዐረብኛ ግማሹን በአማርኛ፦ «ያ ማማ፣ ኩሉ ዮም፣ በየቀኑ፣ ኮሌጁ በር ላይ ነኝ፤ ዘበኛው እንኳ ስሜን አወቀው፤ ወረቀቱስ፣ ማማ?» እትዬ ደግሞ እየሳቀች መልስ ትቀዳለች፦ «አይዞሽ፣ መንገድ ላይ ነው ብሏል ባሽሙሃንዲስ።»

ባሽሙሃንዲስ እኔ ነኝ። ኢንጂነሩ። የኔን ቃል ነው የምትልክላት።

10፡15

ነገርኋት። ሁሉንም፤ ሁለቱን ሙሳ፣ ካምቦውን፣ የሹፌሩን መልስ፣ ውሸቴን። ቆሜ ነገርኋት፤ መቀመጥ አልቻልሁም።

ብትጮህብኝ ደስ ይለኝ ነበር። የያዘችውን ወንፊት ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። ከዚያ ያለችው ይኸ ነው፦ «ነገ ያ ትልቁ ሥራህ አይደለም እንዴ?»

አዎ አልኋት።

«እንግዲያ እኔ እሄዳለሁ። ኬላው ላይ አለቅስባቸዋለሁ፣ አንድ ነገር ያደርጉልኛል።»

ልጇ ኮሌጅ በር ላይ ቆማ እሷ ለኔ ሥራ ታስባለች። አፈርሁ፣ ደብተሬ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። አንቺ አትሄጅም፣ እኔ ነኝ አልኋት። ስልኬን ሰጠኋት፣ ለሙሳ የሚሰማ ድምፅ ቀዳችልኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 20። ንጋት 12፡00

መውቀፍ። ለሙንተሲር ሦስቴ ቀዳሁ፣ ሦስቴ አጠፋሁ። የመጀመሪያው ላይ ታምሜያለሁ። ሁለተኛው ላይ እናቴ ታማለች፤ አስደነገጠኝ፣ ወዲያው አጠፋሁት። በመጨረሻ እንዲያው እውነቱን አልሁት፦ በኔ ስሕተት የሰው ወረቀት ጠፍቷል፣ ላመጣ ሄድሁ፣ ዛሬ አልገኝም። ቦክሱ ተነሣ። ኔት ከከተማው ሲወጡ ይቀራል።

9፡30። ካምቦ

በጉልበቴ ላይ እጽፋለሁ። ፊደሉ ቢንጋደድ ይቅር በለኝ።

መሬቱ ጥቁር፣ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል። ሰሊጥ እስከ ሰማይ ጥግ። ሰዉ ጎንበስ ብሎ በመስመር ያጭዳል፤ ቀና የሚል የለም። ጠየቅሁ፣ ጠቆሙኝ። ሙሳ ከሁሉም ረጅም ነው፤ ጎንበስ ሲል ራሱ ያስታውቃል።

ዕቃው ደህና ነው። ከጥላው ምሰሶ ላይ በገመድ አንጠልጥሎታል፣ ምስጥ እንዳይደርስበት።

ስጠኝ አልሁት፤ እምቢ አለ።

ስልኬን አውጥቼ የእትዬን ድምፅ አሰማሁት። አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማ። «ድምፁ የሷ ነው» አለ፤ «የሰጠኝ ግን እጇ ነው። ላንተ ሰጥቼ ደግሞ ካንተ ቢጠፋ ምን ብየ ነው የማያት?» ገጼን ላሳየው ሞከርሁ፤ ኔት የለም፣ አልከፈት አለ። ቢከፈትስ ምን ሊሆን?

የማን ልጅ ነህ አለኝ። የአዘዞ፣ የእገሌ ልጅ አልሁት። እሱ የጭልጋ ነው፤ አራት እኅቶች አሉት። አጎቴን በስም ያውቀዋል። እንጨት ላይ ተቀመጥን፣ ውሃ ሰጠኝ። ወዳጅ ሆንን። ዕቃውን ግን አልሰጠኝም።

ለምን እንደቸኮልሁ ጠየቀኝ። ዓርብ ምዝገባው ይዘጋል አልሁት።

ተነሥቶ ቆመ። «ዓርብ? የቱ ዓርብ? ያሁኑ?»

ሹፌሩ ይህን አልነገረውም። እኔም ለሹፌሩ አልነገርሁትም ነበር፤ መልስ በለው ብቻ ነው ያልሁት።

«አንተ መቸ ነው ያወቅኸው?» አለኝ።

ቅዳሜ።

«ዛሬ ሮብ አይደል?»

አልተቆጣም። ማጭዱን እንጨቱ ላይ ሰካ፣ እጁን ታጠበ፣ ዕቃውን ከገመዱ ፈታ። እኔ ራሴ አደርሳለሁ አለ። ለወኪሉ፣ አጨዳውን ለሚያሠራው ሰው፣ ሊነግር ሄደ፤ ከኋላው ተከተልሁ።

ወኪሉ ጮኸ። በዐረብኛ በአማርኛ ጮኸ። ሙሳ አንድ መስመር ሊጨርስ ነው የተዋዋለው፤ ግማሽ ላይ ነው። ሰሊጥ ሰው አይጠብቅም፤ ፍሬው ከደረሰ ቅርፊቱ ይከፈትና መሬት ላይ ይረግፋል። ቅዳሜ ጠዋት ሰው ካልቆመበት መስመሩ ለሌላ ይሰጣል፣ ሙሳ እስካሁን ያጨደውም ለጨረሰው ሰው ይሆናል። ምትክ ካለህ አምጣ አለው።

ሙሳ ዞሮ አየ። ሁሉም በየመስመሩ ጎንብሷል። «ይሁን» አለ።

ድንበር ላይ ወዳለችው ገላባት የሚሄድ ትራክተር ነበር። ሮጦ ተንጠለጠለ። አብሬህ ልሂድ ብየው ነበር፣ ለምን ሲባል አለኝ። ጨርቁን ከሸሚዙ ውስጥ ከትቶ በአንድ እጁ ይዞታል።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 21። ቀን 8፡00

ገዳሪፍ። ገና ኬላውን ሳልፍ ስልኬ እንደ ንብ ነዘረ። ሙንተሲር፣ ሦስት ድምፅ። ተቆጥቷል፣ በሁለተኛው ተረጋግቷል፣ በሦስተኛው፦ ሐኪሞቹ ትናንት ራሳቸው ተጣድፈው ነበር፣ ወደ ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ተዛውሯል። ይኸ የመጨረሻው ነው አለ።

ደስ አለኝ! መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ዳንሁ ማለት ነው። ዛሬና ነገ አራቱን ስም እጨርሳለሁ፣ ቅዳሜ አሳያለሁ፣ እስከዚያ ወረቀቱም ይደርሳል። ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ።

ለእትዬ ነገርኋት፤ ሙሳ ራሱ ይዞት ሄዷል። አላህ ይስጠው አለች። ቀጥላ፦ «የሰውየው ሥራስ?»

ወኪል አለ አልሁና ወደ ክፍሌ ገባሁ። ወኪል አለ! ምን ማለት ነው? በቃ እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ ማለት ነው?

11፡00

አራቱ ስም ይሠራል። ደጋግሜ ሞከርሁት። እንከን የለውም። ቁጭ ብዬ ሳየው ግን የማየው ያንን መስመር ነው፤ ግማሹ የታጨደ፣ ግማሹ የቆመ።

ዓርብ፣ ጥቅ. 22። ቀን 7፡30

እትዬ ሱቋን አልከፈተችም። ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። እኔ በር ላይ። ዝንብ እንኳ የበዛች መሰለኝ።

8፡10

ደረሰ! ደረሰ፣ ደብተሬ!

ሰሚራ እየጮኸች ነው የቀዳችው። ሙሳ ኮሌጁ በር ላይ ጠብቋታል፣ አቧራ ብቻ ሆኖ። ኬላ ላይ ተይዞ፣ ሐሙስ ሌሊቱን መተማ ሜዳ ላይ አድሮ ነው የመጣው። ዕቃውን ከመስጠቱ በፊት የእናትሽ ስም ማነው፣ ምን ትሸጣለች፣ የት ትሸጣለች ብሎ መርምሯታል። ተመዝግባለች። ምሳ ብላ ብትለው ለእኅቶቼ ድምፄን ላሰማ ብሎ ሄደ። ወደ ካምቦው እመለሳለሁ፣ የኔው መስመር ባይኖርም ጭነት አላጣም ብሏታል።

እትዬ እልል አለች፤ ጎረቤት ሁሉ እልል አለ። አቀፈችኝ። አለቀስሁ፣ ምን አፍራለሁ።

ኋላ ሰዉ ሲበተን እሷና እኔ ቀረን። አየችኝ። ሐሙስ የጠየቀችኝን፣ የሙሳን ሥራ ነገር፣ ደግማ አልጠየቀችም። የምትጠይቀኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

10፡00

መውቀፍ ሄጄ ምትክ ፈለግሁ። ሙሳን የሚያውቁ፣ የማያውቁ፣ ሁሉንም ጠየቅሁ። ባዶ እጅ ያለ ሰው የለም፤ በዚህ ሳምንት ማጭድ የያዘ ሁሉ መስመር አለው። አንዱ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ አንተስ ምን ሥራ አለብህ አለኝ። ሥራ እንዳለብኝ ላስረዳው ጀመርሁ። መሀል ላይ ተውሁት።

10፡45

ለሙንተሲር ሙሉውን ሥራ ላክሁለት። ሲያሳይ የቱን ቀድሞ እንደሚነካ፣ ቢያቆምበት ምን እንደሚያደርግ፣ አንድ በአንድ ጻፍሁለት። ያለኔ ማሳየት ትችላለህ፣ ቅዳሜ አልገኝም አልሁት።

መለሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ፣ ያለ ሰላምታ፦ ሐኪሞቹ ማየት የሚፈልጉት አንተን ነው። ካልተገኘህ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።

ዓመቱን አስብ። ሙቀት፣ ሶላር፣ የሚመጣው ሳምንት፣ ከዚያ የሚመጣው። ሙሳ እኮ ይሁን ብሏል፤ ማንም አላስገደደውም። ማንም አላስገደደውም። ይህን ሁለቴ መጻፌን አሁን አየሁት።

ቅዳሜ፣ ጥቅ. 23። ንጋት 11፡40

መውቀፍ ነኝ።

ላፕቶፑን ለእትዬ ሰጠኋት። በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፤ ስንት ቀን ነው አለችኝ፣ መስመሩ እስኪያልቅ አልኋት። ስንቅ አሰረችልኝ። ማጭዱም ከሷው ነው፤ የሟች ባሏ ነበር አለች፣ ተስሎ ነበር።

ገጹን ዘጋሁት። አንድ መስመር ብቻ ተውሁበት፦ «ለጊዜው አይሠራም። መንገደኛ የምትፈልጉ መውቀፍ ሂዱ፣ የማን ልጅ እንደሆነና መቼ እንደሚሄድ ራሳችሁ ጠይቁ።» ስመለስ እከፍተው እንደሆነ አላውቅም።

ለሙንተሲር አልመለስሁም። ምን እላለሁ? የሚያውቀውን ነው የምነግረው።

ማጭድ ይዤ አላውቅም። እጄ ይላጣል፣ ወገቤ ይቆረጣል፣ አጫጆቹ ይስቁብኛል፤ ይህን ሁሉ ከወዲሁ አውቄዋለሁ። ወኪሉ ሲያየኝ ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ። የሙሳ ምትክ ነኝ፣ መስመሩን አሳየኝ እለዋለሁ።

ሹፌሩ ግባ ይላል።